የክፍሎች አቀማመጥ በኮምፒዩተር ንድፍ፦ ከዋግና ከላስታ ሕንፃዎች እስከ እጅ ፓምፕ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ወደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚደርስ መሐንዲስ መጀመሪያ ዐይኑ ይታለላል። የሕንፃው ፊት አግዳሚ ግንድና የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ይመስላል፤ በሩና መስኮቱም በእንጨት መቃን የተያዙ ይመስላሉ። ቀርቦ ሲዳስሰው ግን ግንድ የለም፤ መጋጠሚያም የለም። ሁሉም ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች የተገጣጠመ ሕንፃን መልክ ባልተገጣጠመ ድንጋይ ላይ ቀርጸዋል።

ከዋግ ወደ ደቡብ፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ በአንድ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የዚያ መልክ እውነተኛ አካል ነው። በ11ኛው ወይም በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ሕንፃ የእንጨት ረድፍና በኖራ መሰል ነጭ ልስን የተሸፈነ የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቁ የተነሣ ነው። እዚህ ግንዱ ግንድ፣ ድንጋዩም ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ተጠርቦ፣ ተለክቶና ተነሥቶ በቦታው የተቀመጠ ነው።

ሁለቱ ሕንፃዎች ከፊት ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። በመሐንዲስ ዐይን ግን ተቃራኒዎች ናቸው። አንደኛው አንድ ክፍል ሲሆን ሁለተኛው የብዙ ክፍሎች ጥምር ነው። በሁለተኛው ላይ ብቻ፣ «ይህ ግንድ እዚህ የተቀመጠው ከምን ተነሥቶ ነው? በምን ላይ ያርፋል? ቢነሣ ምን ይናጋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የዛሬው ንግግር ርእስ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር በሚታገዝ ንድፍ ውስጥ ክፍሎች ቦታቸውን በምን ዘዴ ሊያገኙ ይገባል የሚለው ነው።

ጉዳዩ የስክሪን ላይ ጨዋታ እንዳይመስል፣ በማንኛውም የንድፍ ቢሮ የሚታወቀው ችግር በቅድሚያ ይነሣ። አንድ ነዳፊ ስልሳ ያህል ክፍሎች ያሉት መሣሪያ ይገጣጥማል። እያንዳንዱን ክፍል በአቅራቢያው ካገኘው ገጽ ጋር ያስረዋል፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሥዕሉ ያምራል። በሳምንቱ፣ «ቧንቧው በአንድ ደረጃ ይስፋ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ልኩን ሲቀይር ክፍሎቹ ይበታተናሉ፤ ፕሮግራሙም ቀይ ምልክት ይደረድራል። ነዳፊው ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ይከርማል፤ ወይም ተማርሮ ሁሉንም ክፍሎች ባሉበት ቸንክሮ ይተዋቸዋል። በዚያች ሰዓት ሞዴሉ እንደ ውቅሮው ግድግዳ ይሆናል፤ የተገጣጠመ ይመስላል እንጂ አለት ነው። ለሚቀጥለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ስድስቱ ነጻነቶች

በሕዋ ላይ ያልታሰረ ማንኛውም ግትር አካል ስድስት የመንቀሳቀስ ነጻነቶች አሉት። በሦስት አቅጣጫ ይንሸራተታል፤ በሦስት አቅጣጫም ይዞራል። ለአንድ ክፍል ቦታ መስጠት ማለት ከእነዚህ ስድስት ነጻነቶች ስንቶቹ፣ የትኞቹና በማን እንደሚወሰዱ መወሰን ማለት ነው። በክፍሎች መካከል ያለው ግንኙነት በኮምፒዩተር እንዲታሰብ ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው «ስኬችፓድ» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ መሥመሮች ትይዩ ወይም እኩል እንዲሆኑ የሚያዝዙ ገደቦች ነበሩበት። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ያንኑ ሐሳብ ወደ ጠጣር አካላት አሳድገውታል።

የነጻነት ቆጠራውን ማንኛውም አናጢ በእጁ ያውቀዋል። አንድ ሣንቃ በጠረጴዛ ላይ ሲጋደም ሦስት ነጻነቶችን ያጣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ፣ በሁለት አቅጣጫም መዘንበል ይቀርበታል። ጎኑ ከአንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ጋር ሲገፋ ሁለት ይቀነሳሉ። ጫፉ አንድ ችካል ሲነካ የመጨረሻው ይወሰዳል። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ ድምሩ ስድስት ነው። በማሽን ቤት ውስጥ ዕቃ የሚታሰርበት መሠረታዊ ደንብም ይኸው ነው።

የብሎን ሒሳብ ከዚህ ይለያል። የብሎኑ ማእከላዊ መሥመር ከቀዳዳው ማእከላዊ መሥመር ጋር ሲገጥም አራት ነጻነቶች ይወሰዳሉ፤ የራሱ ሥር ገጽ ሲያርፍ አምስተኛው ይወሰዳል። የሚቀረው በራሱ ዙሪያ መዞር ብቻ ነው። ይህን ስድስተኛ ነጻነት ለመንጠቅ አንዱን የብሎን ራስ ጎን ከሌላ ገጽ ጋር የሚያስር ነዳፊ ለራሱ ዕዳ ይጨምራል እንጂ ለሞዴሉ የሚጠቅም ነገር አይጨምርም። ማሰሪያ የሚመዘነው በሚያስተላልፈው ሐሳብ ነው እንጂ በብዛቱ አይደለም።

ከልክ በላይ ማሰር የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስረዳት ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ይበቃል። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ በጎርባጣ መሬት ላይም ቢሆን አይወላገድም፤ ባለ አራት እግሩ ግን ወለሉ ካልተስተካከለ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። አራተኛው እግር ሦስቱ አስቀድመው የፈጸሙትን ሥራ ሊደግም ይሞክራል፤ ስለዚህ ከእነርሱ ጋር ይጣላል። በስክሪን ላይ ሁሉም ልክ ፍጹም ስለሆነ ትርፍ ማሰሪያ ለጊዜው ሰላም መስሎ ይቀመጣል። አንድ ልክ በተለወጠ ቀን ግን ጠቡ ይገለጣል።

ግንበኛው ሲባጎ የሚዘረጋበት ምክንያት

ወደ ሰሜኑ ሕንፃዎች መመለስ ያስፈልጋል። በአክሱም ዘመን በተለመደውና በደብረ ዳሞ በግልጽ በሚታየው አሠራር፣ አግዳሚ ግንዶች በግድግዳው ርዝመት ይዘረጋሉ፤ አጫጭር ተሻጋሪ እንጨቶችም የግድግዳውን ውፍረት አቋርጠው ያስሯቸዋል። ወደ ውጭ የሚወጣው የተሻጋሪው ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ይኸው መልክ በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል። ይህ አሠራር በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ የእንጨቱ ረድፍ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛ፣ ግድግዳውን ያስራል። ሁለተኛ፣ ባልተስተካከለ የድንጋይ ረድፍ ላይ እንደ ገና ቀጥ ያለ መነሻ ይሰጣል። የሚቀጥለው ረድፍ የታችኛውን ጉድለት ወርሶ አይነሣም።

የዚህን ጥቅም በቁጥር ማየት ይቻላል። አሥር ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ተለክተው ቢደረደሩና እያንዳንዱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 3 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ስሕተቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካደሉ የላይኛው ረድፍ 30 ሚሊ ሜትር ይስታል። እንደ ዕድል አንዱ ሌላውን ካጣፋው እንኳ፣ በአሥር ስኩዌር ሩት ሕግ መሠረት ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት ይጠበቃል። እያንዳንዱ ረድፍ ከአንድ የማይንቀሳቀስ መነሻ ቢለካ ግን ማንኛውም ረድፍ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይስትም። ግንበኛው ሲባጎ የሚዘረጋው፣ ቱምቢ የሚያንጠለጥለውና ውሃ ልክ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ድንጋዩን ከጎረቤቱ ድንጋይ ጋር ያስማማዋል፤ ቦታውን ግን ከሲባጎው ይወስዳል።

በኮምፒዩተር ንድፍም ሥርዓቱ አይለወጥም። ክፍሎችን እንደ ሰንሰለት አንዱን ከሌላው እየቀጠሉ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ጥቂት መነሻ ጠለሎችና ማእከላዊ መሥመሮች አስቀድመው ይዘረጋሉ፤ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎችም ከእነርሱ ቦታቸውን ይቀበላሉ። ይህ የሞዴሉ አጽም ሊባል ይችላል። አንድ ክፍል ቢቀየር ወይም ቢሰረዝ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ሌላ ስለማይኖር የሚወድቅ የለም።

ትልቁ ዓለምም ሥራውን የሚሠራው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቦይንግ 777፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2010 ጀምሮ ያሰማራው ዐይነት፣ በጠቅላላው በኮምፒዩተር ተነድፎ አስቀድሞ በስክሪን ላይ የተገጣጠመ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነው። በአውሮፕላን ንድፍ የአንድ ክፍል አድራሻ የሚነገረው፣ «ከዚያኛው ብሎን አጠገብ» በሚል አይደለም። ከአፍንጫው አካባቢ ካለ መነሻ ወደ ኋላ፣ ከመካከለኛው ጠለል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ፣ ከታች ካለ መነሻም ወደ ላይ ይለካል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በተለያዩ ከተሞች የነደፏቸው ክፍሎች በአንድ አካል ላይ ሊገናኙ የሚችሉት ሁሉም የሚያውቁት አንድ መነሻ ስላለ ነው።

የእጅ ፓምፕ ምሳሌ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣን ስም ይዟል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚመለከተው የጤናና የእርሻ ባለሙያዎችን ብቻ አይደለም፤ የንጹሕ ውሃ ሥራም ከአምዶቹ አንዱ ነው። እዚህ ላይ መሐንዲሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ምሳሌ በገጠር ውሃ ሥራ ከሚታወቁት መሣሪያዎች አንዱ ከሆነው ከአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የተወሰደ ነው።

ይህ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ውሃ ያወጣል። ከላይ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚቆም መቆሚያ፣ ራስና እጀታ አለው። ወደ ታች የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በውስጡ ተያይዘው የሚወርዱ ዘንጎች፣ በመጨረሻም 50 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ሲሊንደር ከፒስተንና ከታችኛው ቫልቭ ጋር ይገኛሉ። ይህን ሞዴል የሚገጣጥም ነዳፊ ከየት ሊጀምር ይገባል?

በመጀመሪያ ሦስት መነሻዎችን ይዘርጋ፤ የሲሚንቶውን ወለል የላይ ገጽ፣ የጉድጓዱን ማእከላዊ መሥመርና እጀታው የሚወዛወዝበትን ጠለል። መቆሚያው ከእነዚህ ስድስቱንም ነጻነቶቹን አስረክቦ ይቆማል። በመሬት ላይ የሚያርፈው እርሱ ነውና የማይንቀሳቀሰውም እርሱ ሊሆን ይገባል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲነደፍ ደግሞ የራሱ መነሻ ነጥብ በሚጋጠምበት ገጽና በማእከላዊ መሥመሩ ላይ ይዋል። እንዲህ ከተደረገ ክፍሉ ወደ ጥምሩ ሲገባ በአንድ እርምጃ ቦታውን ያገኛል። መነሻው በዘፈቀደ ጥግ ላይ የዋለ ክፍል ግን ሁልጊዜ እየተጎተተ የሚገባ ነው።

ቀጥሎ ራሱ፣ እጀታው፣ ፒኖቹና ኩሽኔታዎቹ ለብቻቸው አንድ ንኡስ ጥምር ይሁኑ። ስልሳ ክፍሎች ያሉት ሞዴል ለእያንዳንዱ ሦስት ማሰሪያ ቢኖረው፣ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ 180 ግንኙነቶችን ማስታረቅ ይኖርበታል። አምስት ንኡስ ጥምሮች ሆኖ ሲከፈል ግን በላይኛው ደረጃ የሚቀሩት አምስት አካላትና ወደ 15 የሚሆኑ ማሰሪያዎች ናቸው። የሚገኘው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ስሕተት ሲፈጠር የሚፈለግበት ቤት ይታወቃል።

ቧንቧዎቹ እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ያህል ቢሆኑ ለ45 ሜትር አሥራ አምስት ያስፈልጋሉ። እነርሱን አንድ በአንድ ማሰር የሰንሰለቱን በሽታ መጋበዝ ነው። አንዱ ቧንቧ ይቀመጥ፤ ሌሎቹ በማእከላዊው መሥመር ላይ በተወሰነ ርቀት የሚደጋገሙ ይሁኑ፤ ቁጥራቸውም ጥልቀት ከሚባል አንድ ልክ ይውጣ። የዋግ ኽምራ ጉድጓድ ሁሉ አንድ ጥልቀት የለውም። ነዳፊው 45ቱን ወደ 30 ሲለውጥ ሞዴሉ በራሱ ወደ አሥር ቧንቧ ካልወረደ፣ ለሚቀጥለው ቀበሌ ሥራው ከመጀመሪያው ሊደገም ነው።

እጀታው አንድ ነጻነቱ ይተውለት። እርሱ ሲወዛወዝ ፒስተኑ 225 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። እጀታው በሞዴሉ ላይ ከተቸነከረ፣ ፒስተኑ ወርዶ ከታችኛው ቫልቭ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ስክሪኑ ሊነግር አይችልም። መንቀሳቀስ ያለበትን ማሰር፣ ማሰር ያለበትን ከመልቀቅ ያላነሰ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። አሥራ አምስቱ ዘንጎች እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳቱ ድምሩ 30 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በእውነተኛው መሬት ላይ ሰንሰለቱ አይቀርም፤ ዘንግ ከዘንግ ጋር መያያዙ ግድ ነው። የፓምፑ ነዳፊዎች ይህን ዐውቀው የላይኛው ዘንግ በተከላው ቦታ ላይ ተለክቶ እንዲቆረጥ አድርገዋል። የተጠራቀመው ስሕተት ሁሉ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ይከፈላል። የኮምፒዩተሩ ሞዴልም ይህን ይመስክር፤ የላይኛው ዘንግ ርዝመት የተጻፈ ቁጥር ሳይሆን ከሌሎቹ ተቀንሶ የሚገኝ ውጤት ይሁን። ሰንሰለት በማይቀርበት ቦታ የማስተካከያው ቀለበት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን የነዳፊው ግዴታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው። የዚህ ፓምፕ ዋና ብልኀት ቧንቧው ከጉድጓዱ ሳይነቀል ፒስተኑና የታችኛው ቫልቭ በቧንቧው ውስጥ ተስበው ሊወጡ መቻላቸው ነው። የመንደሩ ሰዎች በጥቂት መሣሪያ ሊጠግኑት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቫልቩ ትክክለኛ አቀማመጥ በሲሊንደሩ ሥር ያለበት ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ነጥብ እስከ ወለሉ ያለው መንገድ ሁሉ የአቀማመጡ አካል ነው። በአንድ መጋጠሚያ ላይ ወደ ውስጥ የወጣች ትንሽ ከንፈር ቫልቩን ትይዘዋለች። ቆሞ የሚታይ ሥዕል ይህን አያሳይም። ቫልቩን በማእከላዊው መሥመር ላይ ወደ ላይ እየሳቡ መንገዱን ሁሉ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ማድረግ የሚቻለው ያች አንዲት የመንሸራተት ነጻነት ለዚሁ ፈተና ልትለቀቅ በምትችልበት ሞዴል ላይ ነው። ፈተናው በቢሮ ካልተደረገ በሰቆጣ አካባቢ ባለ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ይደረጋል። ያን ጊዜ መለዋወጫው ከሩቅ እስኪመጣ ድረስ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ለጥገና የሚሆን ሞዴል

ይኸው ሐሳብ ለጥንት ሕንፃዎች ጥበቃም ይሠራል። በጨረር መለኪያ መሣሪያ የሕንፃን ገጽ በሚሊ ሜትር ትክክለኛነት መቅረጽ ዛሬ ይቻላል። ሆኖም የገጹ ቅርጽ ብቻ ሲያዝ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ሥዕል ሆኖ ባሕርዩ ግን የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይሆናል፤ እንጨትና ድንጋይ ተዋሕደው አንድ ቅርፊት ይሆናሉ። ለጠጋኙ የሚያስፈልገው ግንዱ ከድንጋዩ ተለይቶ፣ ማን በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚናገር ሞዴል ነው። የቦታቸው መነሻ ደግሞ በዕድሜ ብዛት የተጣመመው ጎረቤት ግንድ መሆን የለበትም። ከሕንፃው ውጭ የተተከለ የማይነቃነቅ የልክ ነጥብ ሊሆን ይገባል። ያለዚያ አንድ ግንድ በተተካ ቁጥር የሌላው መጣመም ለአዲሱ ይወረሳል።

ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2005 በሦስት ክፍል ወደ አክሱም የገባውና በ2008 እንደ ገና የቆመው 24 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሐውልትም ይህንኑ ያስታውሳል። የተሰበረ ገጽ ከተሰበረ ገጽ ጋር ሊሳሳም ይችላል፤ ሦስቱ ክፍሎች ግን በአንድ ማእከላዊ መሥመር ላይ ካልዋሉ ሐውልቱ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የታችኛው መጋጠሚያ ጥቂት ቢዛነፍ ጫፉ በብዙ ይዛነፋል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከተነገረው ሁሉ ለቢሮ ሥራ የሚጠቅመው በአጭሩ ይህ ነው። በመሬት ላይ የሚያርፈው ክፍል አስቀድሞ ይቁም። መነሻዎቹ ከክፍሎቹ በፊት ይዘርጉ፤ ስምም ይሰጣቸው። እያንዳንዱ ክፍል ቦታውን ከአጽሙ ይቀበል እንጂ ከደረሰበት ጎረቤት አይበደር። ነጻነቶች ተቆጥረው ይወሰዱ፤ የሚሠራ ነጻነት አይወሰድ። የሚደጋገመው በድግግሞሽ ይግባ። ብሎንና ዳዶ ኋላ ይምጡ። ሞዴሉ ተፈጸመ ከመባሉ በፊትም አንድ ዋና ልክ ይለወጥና ምን እንደሚሆን ይታይ፤ አንድ የሚያልቅ ክፍልም ወጥቶ ይመለስ።

የውቅሮ ጠራቢዎች ግድግዳቸው እንዳይፈታ አስበው ከአለት አወጡት፤ ዓላማቸውም ያ ስለሆነ ሊመሰገኑ ይገባል። የዛሬው መሐንዲስ የሚነድፈው ፓምፕ፣ ወፍጮ ወይም ድልድይ ግን አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም። ያን ቀን የሚፈታው ሰው ነዳፊውን አያገኘውም። የሚያገኘው ነዳፊው ለእያንዳንዱ ክፍል የሰጠውን ቦታና የተወለትን መውጫ ብቻ ነው።